እጄን የጠበቀችው ሠልጣኝ

የዛሬ ወጣት ወንድ ስለ ሴቶች እኩልነት ከአባቱ የተሻለ ነው ይባላል። ውሸት ነው። ከአባቱ የተሻለ ይናገራል፤ እስከዚያ ድረስ እስማማለሁ። ከዚያ በላይ እንዳልስማማ ያደረገኝ ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጥኩበት ቀኝ ወንበር ነው።

ቀኝ ወንበር የምለው የአሠልጣኝ ወንበር ነው። ከቃሊቲ ወደ አቃቂ ሲኬድ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ገረጋንቲ የፈሰሰበት ሜዳ አለ። እዚያ የተሳቢ ነጂዎችን አሠለጥን ነበር። ባለፈው ዓመት ለቀቅኩ። ያሰናበተኝ ወገቤ ነው። ማሠልጠኛው ኬክ አስቆረሰልኝ፣ ሥራ አስኪያጃችን ስለ ትጋቴ ተናገረ፣ የግድግዳ ሰዓትም ተሰጠኝ። ሰዓቱ ሦስት ቀን ሠርቶ ቆመ። ስለ ደመወዙ የምለው የለኝም፤ እሱም ስለ እኔ ብዙ ያለው ነገር አልነበረም።

አሁን ቤት ተቀምጬ አነባለሁ። ድሮም አነብ ነበር። ሠልጣኝ እስኪመጣ ጋቢና ውስጥ የጨረስኳቸው መጻሕፍት አንድ ቁም ሳጥን ይሞላሉ። ስለ ፍትሕ አንብቤአለሁ፣ ስለ ነፃነት አንብቤአለሁ፣ ስለ ሴቶች መብት የተጻፈውንም ቢሆን ከብዙ ተናጋሪዎች የበለጠ አንብቤአለሁ። ይህን የምነግራችሁ ለጉራ አይደለም። ከዚህ በታች የማወራውን ጥፋት ሳላውቅ ነው የሠራሁት ብዬ እንዳላመልጥ ነው።

ከማሠልጠኛው በፊት ዘጠኝ ዓመት ወደብ ተመላልሻለሁ። መንዳት እችል ነበር፤ ማስተማር ግን አልችልም ነበር። ያስተማሩኝ ጋሽ ቶሎሳ ናቸው። የሜዳው የመጀመሪያ አሠልጣኝ እሳቸው ነበሩ። ቤተሰባቸው የአቃቂ ገበሬ ነበር፤ ከመጋዘኖቹ አንዱ የቆመው አባታቸው ጤፍ ይዘሩበት በነበረው መሬት ላይ ነው። «እዚህ ጋ ነው በሬያችን የሞተው፤ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ» ይሉ ነበር፣ በአንድ ትንፋሽ።

ጋሽ ቶሎሳ ሲያሠለጥኑ ሁለቱንም መዳፎቻቸውን ከጭናቸው ሥር ከተው ይቀመጡ ነበር። ሁልጊዜ። መጀመሪያ ሳያቸው ብርድ መስሎኝ ነበር።

ለምን እንደሚያደርጉት የገባኝ ተሳቢ ወደ ኋላ ማስገባት ሳስተምር ነው። ይህን ነገር ላልሞከረ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። የመኪናው ጭንቅላትና የጭነቱ አልጋ መገናኛው ላይ ስለሚታጠፉ፣ የኋላው ወደ ግራ እንዲሄድልህ መሪውን መጀመሪያ ወደ ቀኝ ታዞራለህ። ከዚያ የኋላው መታጠፍ ሲጀምር፣ ብዙ ሳይታጠፍ፣ መሪውን መልሰህ ትከተለዋለህ። መቼ ነው የምትመልሰው? ይህን ማንም ሊነግርህ አይችልም። ስፖኪዮ ላይ ታያለህ፣ በመቀመጫህ ትሰማለህ፣ ትሳሳታለህ፣ በርሜል ትገጫለህ። ለዚህ ሲባል ሜዳው ላይ ባዶ በርሜሎች ተደርድረዋል። በርሜሉ ሲገጭ ጋሽ ቶሎሳ አይጮሁም፣ መሪውንም አይነኩም። «ውረድ። አንሳው። ጎማህን አንብብ» ይላሉ። ሠልጣኙ ይወርዳል፣ በርሜሉን ያቆማል፣ ገረጋንቲው ላይ የተሳለውን የጎማ ዱካ እያየ የት ላይ እንደዘገየ ራሱ ይፈልጋል። እስኪያገኘው ድረስ አይሳፈርም።

ሌላም ነገር ልንገራችሁ። ጋሽ ቶሎሳ ሴት ተሳቢ መንዳቷን አይወዱም ነበር። አይደብቁትም። አንድ ቀን አንዲት ሴት ልትሠለጥን መጣች። ከላይ እስከ ታች አይተዋት «ልጄ፣ ደስ አላለኝም። ግቢና ያዢ» አሏት። ገባች፣ መሪ ያዘች። እሳቸው እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ከተቱ። በርሜል ገጨች። «ውረጂ። አንሺው። ጎማሽን አንብቢ።» ለወንዶቹ ከሚሉት አንድ ቃል አልጨመሩም፣ አልቀነሱም። ያቺ ሴት ፈተናውን በመጀመሪያው ሙከራ አለፈች። ጋሽ ቶሎሳም «እንኳን ደስ አለሽ፣ አሁንም ደስ አላለኝም» ብለው ሸኟት። እኔ በዚያ ዘመን በልቤ ስቄባቸዋለሁ። ኋላ ቀር ሽማግሌ ብያቸዋለሁ።

እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ወንበሩን ወረስኩ። ልማዱን አልወረስኩም።

ዘሐራ የመጣችው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። አባቷ ከወሎ መጥተው ሳሪስ የኖሩ የተሳቢ ነጂ ነበሩ፤ ሲሞቱ አንድ መኪና ትተዋል። እሷ ሦስት ዓመት አይሱዙ ነድታለች፤ አሁን የምትፈልገው የአባቷን መኪና ነው። ወንድሟ ሰይድ መለዋወጫ ይነግዳል፣ የተማረ፣ አንደበቱ የለሰለሰ ወጣት ነው። «እስከ ረመዳን መግቢያ የተሳቢ ፈቃድ ካወጣሽ መኪናው ያንቺ ነው፤ ካልሆነ ገዥ አለ» ብሏታል። በመጀመሪያው ቀን ይህን ነግራኝ «ስለዚህ ጋሼ፣ ጊዜ የለኝም» አለች። በአባቷ መኪና መስታወት ላይ የሚንጠለጠለውን መቁጠሪያቸውን ማንም እንዳይነካው ጋቢናውን ቆልፋ ቁልፉን ይዛ ነበር የምትዞረው።

አብረዋት የሚሠለጥኑት ሰባት ወጣት ወንዶች ነበሩ። አፈ ቀላጤያቸው ብሩክ ነው፤ ዲግሪ አለው፣ በዲግሪው ሥራ አላገኘም፣ እንደ ሬዲዮ ያወራል። በሁለተኛው ሳምንት ከአንድ መሥሪያ ቤት መጠይቅ የያዙ ሰዎች መጡ። ወጣት ወንዶች ስለ ጾታ እኩልነት ያላቸውን አመለካከት ሊያጠኑ ነው። «ሴት ማንኛውንም ሥራ መሥራት ትችላለች» ይላል አንዱ፤ ከጎኑ ሳጥኖች አሉ።

«ይሄ ደግሞ ጥያቄ ነው እንዴ፣ ጋሼ?» አለ ብሩክ። «በዚህ ዘመን! ከ'በጣም እስማማለሁ' በላይ ሳጥን የለውም?»

«ከጀርባው ጻፍበት፣ ቦታ አለ» አለችው ዘሐራ።

ወረቀቶቹን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ። ሰባቱም በጣም ተስማምተዋል። ኮራሁባቸው። ጋሽ ቶሎሳ ቢሞሉት ኖሮ ምን እንደሚወጣ አሰብኩና ፈገግ አልኩ።

ከሰዓት በኋላ የዘሐራ ተራ ደረሰ። መኪናውን ወደ ኋላ ማርሽ ከማስገባቷ ሰባቱም ከጥላው ተነሥተው ሮጡ። አንዱ በግራ፣ ሁለቱ በቀኝ፣ የቀሩት ከኋላ።

«ነይ! ነይ! ነይ!»

«ግራ! ኧረ ግራ ብዬሻለሁ!»

«አትስሚው፣ ቀኝ! እኔን እይኝ!»

«በቃ! በቃ! በቃ!» ጎኑን ዷ ዷ ያደርጉታል።

በከተማችን መኪና ወደ ኋላ ሲሄድ ያየ ወንድ ሁሉ ትራፊክ ፖሊስ ነው፤ ይህን ታውቃላችሁ። ነገር ግን ቀደም ሲል ብሩክ ሲነዳ ማንም አልተነሣም ነበር። ጥላው ሥር ተኝተው «ግጨው አቦ፣ ወደዚያ ነው!» እያሉ ነበር የሚስቁት። በርሜሉ ሲንኳኳ አጨበጨቡ። የብሩክ በርሜል ሲወድቅ ሳቁ፤ የዘሐራ በርሜል ሊወድቅ ሲል ሮጡ።

እኔስ? እኔ ከሁሉም የባስኩ ነበርኩ፤ ምክንያቱም ቅርብ ነበርኩ። የኋላው ከልክ በላይ ሊታጠፍባት ሲል ከወንበሬ ዘንበል እልና መሪውን ሩብ ዙር አዞርላታለሁ። «እንዲህ፣ እንዲህ ነው» እያልኩ። አንዳንዴ እሷ ገና ስፖኪዮውን ሳታይ እጄ ይደርሳል። ወንዶቹ ሊገጩ ሲሉ እጄ ዝም ብሎ ጉልበቴ ላይ ነው። ይማሩ፣ እላለሁ። እሷን ግን፣ አባቷ ሞተውባታል፣ ጊዜ የላትም፣ ሰባት ወንድ እያያት ነው፣ ማፈር የለባትም። ምክንያት አልጎደለኝም። እንዲያውም በዚያ ሜዳ ላይ ለሴቶች የሚቆረቆር ሰው እኔ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

የክትትል ደብተሬ ላይ በስድስት ሳምንት ውስጥ ዘሐራ የገጨችው በርሜል፣ ምንም። «እጅግ ጥሩ» ብዬ ጽፌአለሁ። የብሩክ ረድፍ በጭረት ጠቁሯል።

ፈተናው ጠዋት ነበር። ፈታኙ ቀኝ ወንበር ላይ ተቀመጠ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ። «ነይ ነይ» ማለት ክልክል ነው፤ እኛ ከአጥሩ ወዲህ ቆመናል። ወደ ፊት ስትነዳ ቆንጆ ነበር። ወደ ኋላ ጀመረች። መሪውን በትክክል አዞረች፣ የኋላው መታጠፍ ጀመረ፣ መመለሻው ደረሰ። አልመለሰችም። ግማሽ ላይ ቆመች። ከሩቅ ሳያት ጭንቅላቷ ወደ ቀኝ ዞሯል፤ ወደ ስፖኪዮው ግን አልነበረም። ወደ ወንበሩ ነው። ከዚያ ትንሽ ገፋች፣ የኋላው እንደ ክርን ታጠፈ፣ ለምልክት የተተከለው እንጨት ተሰበረ።

ብሩክ አለፈ። ከልቡ አዘነላት፤ ለስላሳ ገዛላት። «አይዞሽ ዘሐራዬ፣ አንቺ እኮ ትችያለሽ። ሰውዬው ነው፣ የሴት ጠላት ነው፣ ፊቱን አላየሽውም?»

«ተው ብሩኬ» አለችው። «ሰውዬው ምንም አላደረገኝም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ ግማሽ ላይ ስደርስ የእርስዎን እጅ ጠበቅሁ። አልመጣም።»

የመለስኩላት የተለመደውን ነው። አይዞሽ፣ ሁለተኛ ዙር አለ፣ ምናምን።

«እዚህ ሜዳ ላይ ስንት በርሜል ገጨሁ?» አለች።

«አንድም።»

«ብሩክስ?»

በጭረት የጠቆረውን ረድፍ አስታወስኩ።

«እሱ መንዳት ተማረ» አለች። «እኔ እርስዎ ሲነዱ ሳይ ከረምኩ።»

ሳሪስ ሰይድ ሱቅ ድረስ ሄድኩ። ሁለተኛው ዙር እስኪደርስ እንዲታገሥ ልለምነው ነው። በርጩማ አቀረበልኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ፤ ቁጣ የሚባል ነገር አልነበረበትም። «ጋሼ፣ እኔ እንደ ድሮዎቹ አይደለሁም» አለ። «ሴት አትነዳም ብዬ አላውቅም። ዕድሉን ሰጠኋት፤ ሰጥቻታለሁ አይደል? እኩልነት ማለት ይኸው ነው። ፈተናው ፈረደ።»

«የተፈተነው የእኔ ሥራ ነው፤ የወደቅኩትም እኔ ነኝ» አልኩት።

ትሕትና መሰለውና ሳቀ። ሻዩን እንድጨርስ ለመነኝ። እውነቱን ለመናገር የምከራከርበት ፊት አልነበረኝም። እኔ ከቀኝ ወንበር ሆኜ ያደረግኩትን ነው እሱ ከሱቅ ወንበር ያደረገው፤ ዕድሉን ሰጣት፣ መሪውን ግን አለቀቀም።

ከእሱ ወጥቼ ጋሽ ቶሎሳ ቤት ገባሁ። አርጅተዋል፣ ጆሯቸው ይከብዳል። ጮክ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ወንዶቹን፣ ፈታኙን፣ ወንድሟን። ሰምተው ሰምተው አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«እጅህን የት አስቀምጠህ ነበር?»

«መሪው ላይ።»

«እንግዲያ ፈተናውን አንተ ሄደህ ተፈተንላት።» ቀጥለውም «እኔ ዛሬም ደስ አይለኝም፣ ሴት ተሳቢ ስትነዳ» አሉ። «ግን ጋቢና ውስጥ የገባ ሠልጣኝ ነው። መሪ የእሱ ነው።»

መኪናው ከሁለተኛው ዙር በፊት ተሸጠ። ዘሐራ መቁጠሪያውን ከመስታወቱ ላይ ፈትታ፣ ቁልፉን ለገዥው ሰጥታ፣ እስኪወጣ ቆማ አየችው አሉ። እኔ አልነበርኩም። ይህ ጥፋት የሚስተካከልበት መንገድ የለውም፤ ብትፈልጉለትም አታገኙለትም። የአባቷ መኪና ሄደ፣ የሄደውም እኔ ደግ ስለሆንኩ ነው።

ከዚህ በኋላ አትመጣም ብዬ ነበር። ሰኞ ጠዋት ከሁሉም በፊት ሜዳው ላይ ቆማ አገኘኋት።

«መኪና የለሽም እኮ» አልኳት። ሞኝ ንግግር ነው፣ ግን ወጣ።

«መኪና የትም አለ። እጅ ነው ያልያዝኩት» አለች። «ዛሬ እጅዎን አስረው ይቀመጡልኝ።»

ጋቢና ገባሁ፣ ሁለቱንም መዳፎቼን ከጭኔ ሥር ከተትኩ። ብሩክ ፈቃዱ እስኪታተምለት ሜዳው ላይ ነበር የሚውለው፤ ጠራሁትና መሐል ላይ አስቀመጥኩት። «እጅህን ከጭንህ ሥር። አፍህንም።»

«ጋሼ፣ ሼም ነው፣ እንዴት እንዲህ—»

«ክተት።»

የመጀመሪያው በርሜል ወደቀ። ብሩክ «ኧረ ግ—» ብሎ ዋጠው። ዘሐራ ወረደች፣ በርሜሉን አነሣች፣ ተሳፈረች። «አላነበብሽም» አልኳት። ተመልሳ ወረደች። ሁለተኛው ወደቀ። ሦስተኛው። አራተኛው ላይ የጥበቃውን ቤት ቆርቆሮ ይዛው ሄደች፤ ጥበቃው ምሳ ዕቃውን አቅፎ ወጣ። ሥራ አስኪያጃችን ከቢሮው እየሮጠ መጣ።

«ምንድን ነው ይሄ? ስድስት ሳምንት ምንም ያልገጨች ልጅ! ምን አደረግካት?»

«ምንም» አልኩት። «ዛሬ ገና ምንም አላደረግኳትም።»

እንዲህ ያለ ሥራ ይከብዳል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። የኋላው ሲታጠፍ እያየህ፣ የት እንደሚመለስ እያወቅክ፣ መቀመጥ። መዳፌ ደነዘዘ። ጎኔ ያለው ብሩክ ግንባሩን አላበው። በሦስተኛው ቀን ዘሐራ ዱካዋን ልታይ ስትወርድ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ያ የሬዲዮ ድምፁ ጠፍቶ፣ እንዲህ አለኝ፤

«ጋሼ፣ ዝም ብዬ ሳያት የማልጠቅም ሰው ሆኜ ይሰማኛል። ካልረዳኋት እኔ እዚህ ምን እሠራለሁ?»

በመጠይቁ ላይ ይህ ጥያቄ አልነበረም። ቢኖር ኖሮ ሰባቱም በጣም ከመስማማታቸው በፊት ትንሽ ያስቡ ነበር። እኔም ጭምር። ሃያ ዓመት ሙሉ መጽሐፍ ሳገላብጥ ለራሴ ያልጠየቅኩት ይህን ነው፤ እሷ ካላስፈለግኳት እኔ ምንድን ነኝ?

ዘሐራ ከታች ተንበርክካ ገረጋንቲውን ታያለች። በጣቷ የጎማውን ዱካ ተከተለች፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሄደች። ከዚያ ቀና ብላ በመስኮቱ ጮኸች።

«ስፖኪዮው ውስጥ የኋላ ጎማው ሲታየኝ ነው መሪውን የምመልሰው! ያን ጊዜ ዘግይቷል! ገና መብራቱ ብቅ ሲል ነው መመለስ ያለብኝ!»

እኔ ይህን ለሃያ ዓመት አውቀዋለሁ፤ በዚህ ቋንቋ ግን ተናግሬው አላውቅም። መብራቱ ብቅ ሲል። ተሳፈረች፣ አስገባች፣ በርሜሎቹ ቆመው ቀሩ። ብሩክ እጁን አውጥቶ ሊያጨበጭብ ሲል ዞራ አየችው። መልሶ ከተተው።

በሁለተኛው ዙር ፈታኙ ያው ሰውዬ ነበር። ግማሽ ላይ ስትደርስ ጭንቅላቷ ወደ ስፖኪዮው ዞሮ አየሁት። አለፈች።

ዛሬ ዘሐራ የሰው መኪና ይዛ ወደብ ትመላለሳለች። የአባቷ መቁጠሪያ የሌላ ሰው መስታወት ላይ ይንጠለጠላል። አንዳንዴ ቃሊቲ መውጫ ላይ የአባቷን መኪና ሌላ ነጂ ይዞት ታየዋለች፤ ክላክስ ታደርግለታለች፣ እሱ ለምን እንደሆነ አያውቅም። እየቆጠበች ነው። መልሼ እገዛዋለሁ ትላለች፤ እንደምትገዛውም አልጠራጠርም።

ብሩክ ባለፈው ደውሎልኝ ነበር። እጮኛው መኪና እየተማረች፣ እሱ ጎኗ ተቀምጦ ያለማምዳታል። «ጋሼ፣ አንድ ሰዓት እጄ ላይ ተቀምጬ ደነዘዘ» አለኝ። «ይደንዝዝ» አልኩት።

እንግዲህ ይህን የምታነብ ወጣት ወንድ፣ አመለካከትህን አልጠየቅኩህም፤ እንዳትነግረኝ። በጣም እንደምትስማማ አውቃለሁ። ነገ አንዲት ሴት፣ እህትህ ትሁን፣ ባልደረባህ ትሁን፣ ሚስትህ ትሁን፣ አጠገብህ ከባድ ነገር ይዛ ስትታገል እጅህ ይነሣል። ከመድረሱ በፊት ያዘው። ካልጠየቀችህ ከጭንህ ሥር ክተተው፣ ተቀመጥበት፣ አፍህን ዝጋ። በርሜሉ ይውደቅ።